አፍ የሌለው እንዴት በላ?

መስከረም 14

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናዬን ጠይቀሻል፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላው አካላቴ የታዘዘውን ይሠራል። ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽውም፣ በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ “እኔ እንዲያ አላልኩም” ይባላል። አሁን የያዝነው ጉዳይ ደግሞ መካካድ አይፈልግም። ጻፊልኝ፤ ጎላ ጎላ አድርገሽ።

የቤተ መዘክሩ ኃላፊሽ የተራሮቻችንን ዘገምተኞች መለያ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። አንቺ ደግሞ እኔ ለይቼ ስም ያወጣሁለትን ዝርያ ከውስጡ አውጥተሽ እንድትፈርሚ ታዘሻል። ይህን ለመንገር ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት አልነበረብሽም። ክፉ ወሬ የሚቀለው ቶሎ ሲነገር ነው።

ደብዳቤሽ ሲነበብ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ እዚሁ ነበረች። ዘገምተኛ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። በእርጥብ ድንጋይ ላይ በሚበቅለው ለስላሳ አረንጓዴ፣ በድንጋይ ሽበት ውስጥ የሚኖር፣ ስምንት እግር ያለው፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ እንስሳ ነው አልኳት። የተማሩት ታርዲግሬድ ይሉታል፤ እህቴ ግን አረማመዱን አይታ ዘገምተኛ አለችው፣ እኛም በዚያው ቀረን።

“ዕድሜሽን ሙሉ ለዚህ?” አለች።

“አንቺስ ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥቢ አልነበረም?” አልኳት። ተስማማንና ሻያችንን ጠጣን።

ወደ ክርክሩ። የዘገምተኛ ማንነት ያለው ጉሮሮውና ጥፍሩ ላይ ነው። ከአፉ ቀጥሎ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከቱቦው ግራና ቀኝ ሁለት መውጊያ መርፌዎች፣ በመጨረሻው ደግሞ ኳስ የመሰለ ጉሮሮ። ጉሮሮው ውስጥ ምግብ የሚፈጩ ደንዳና ፍሬዎች ተደርድረዋል። ተራው ዝርያ በየረድፉ ሁለት ትልልቅና አንዲት ትንሽ ፍሬ አለው። የእኛው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ትንሿ የለችም። ኃላፊሽ ደግሞ የሚለው ይህ ነው፤ ዘገምተኛ ቆዳውን ሲቀይር ቱቦውንም መርፌውንም ፍሬውንም ጠቅልሎ ይተፋና አዲስ ያበቅላል፤ ስለዚህ ያ እንስሳ ተራው ራሱ ነው፣ ትንሿ ፍሬ ገና ስላልበቀለች ነው።

የሞኝ ክርክር አይደለም። እኔም ተማሪዎቼን በዚህ እፈትን ነበር። ኃላፊሽንም ፈትኜዋለሁ፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ስለሚያወጣ ያን ጊዜ ችኩሉ እንለው ነበር። ዛሬም እንስሳው የተጣበቀበትን የማይክሮስኮፕ መስታወት ሳያይ ፈርዷል።

ዝርያው በእናትሽ ስም መጠራቱን አንስተሽ፣ ለእማዬ ብለው እንዳይጎዱ ብለሻል። ልጄ፣ ስህተት ከሆነ በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ። እህቴ ስሟ በውሸት ላይ እንዲቀመጥ የምትወድ ሴት አልነበረችም። እውነት ከሆነ ግን እንኳን ኃላፊሽ፣ የኃላፊሽ ኃላፊም አይሰርዘውም።

ከታችኛው ቁም ሣጥን የእኛን መስታወት አውጪ። ከአፉ ጀምረሽ እስከ ኋለኛው ጥፍር ያየሽውን ላኪልኝ። እስከዚያ አትፈርሚ።

አክስትሽ


ጥቅምት 1

ይድረስ ለእቴቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ አየሩ አልጽፍም።

መስታወቱን አውጥቼ አየሁት። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ደጋግሜ ቀድጄ ነው የሳልኩት፣ ጉሮሮውን በተለይ ተጠንቅቄበታለሁ። ትንሿ ፍሬ እንዳሉት የለችም። ግን እቴቴ፣ አሁን የለችም ማለት ጭራሽ አትኖርም ማለት ላይሆን ይችላል። ቱቦውም ቀጠን ብሎ ታየኝ። ኃላፊው ልክ ቢሆኑስ?

ትናንት ኮሪደር ላይ አገኙኝ። ለእርስዎ ያላቸው አክብሮት እንዳለ መሆኑን ነገሩኝ፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ቀጥለው ኮንትራቴ መቼ እንደሚያበቃ ጠየቁኝ። መቼ እንደሚያበቃ ያውቃሉ፤ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን የሚያጸድቀው ስብሰባ በወሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁም ሣጥኖቹ ይጸዳሉ፤ ዝርያ ያልሆነ ነገር ቦታ አይይዝም ተብሏል። ከመጽሐፉ የወጣ ዝርያ መስታወቱ ይጣላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእጅ ጽሕፈትዎ ወደ ታች ዘመመብኝ። እኔን በማስመሪያ ያስጽፉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። በእውነት ደህና ነዎት?

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣

ሥዕልሽን መልሼ ልኬዋለሁ። ሥዕል ላኪልኝ አላልኩም። እጅ ዐይንን ይቀድማል፤ የለመደውን ይስላል፣ ያልገባውን ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሥዕል ላይ ባዶ ቦታ አያሳፍርም። ጽሑፍ ላይ ግን ያሳፍራል፤ “ሆዱ” ብለሽ ከጀመርሽ ስለ ሆዱ አንድ ነገር ማለት ግድ ይልሻል። ስለዚህ በቃል ጻፊልኝ፤ ዐይን ለሌለው ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ።

ነርሷ ሥዕልሽን አይታ የተቀቀለ ድንች እግር አወጣ ብላለች። ክፉ አስባ አይደለም።

ልክ ቢሆኑስ ላልሽው፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የተሳሳትሽው የምትጠይቂውን ሰው ነው። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እንስሳውን ጠይቂው።

ስለ ኮንትራትሽ ምክር የለኝም። በሰው ደመወዝ ጀግና መሆን ቀላል ነው። የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ፤ ኮንትራት ያልቃል፣ የፈረምሽው ግን አብሮሽ ይኖራል።

ከፖስታው ጀርባ በእርሳስ የጫርሽውንም ሰምቻለሁ። ዝርያውን ካገኘንበት ከምንጩ ግድግዳ ላይ አዲስ ሽበት ቧጥጠሽ ለማምጣት ወደ ተራራው ልትወጪ አስበሻል። አትልፊ። መንገዱ ሲሰፋ ግድግዳው ተፍቆ በሲሚንቶ ተለስኗል። ያ ዝርያ ከዚያ ሌላ የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም፤ የፈለገም የለም። ፍቀው ሲለስኑት የከለከላቸው አልነበረም፤ ችኩሉ እንዳለው ዝርያው ከሌለ ደግሞ ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ እንኳን አይኖርም።

መስመሩ ዘመመ ላልሽው፣ ጠረጴዛው ነው።

አክስትሽ


ጥቅምት 20

እቴቴ፣

ተቆጥተው አዘዙኝ፣ እኔም ተቆጥቼ ጻፍኩ። እንዲህ ነው።

አፍ፦ ክብ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ያያል። ቱቦ፦ ቀጥ ያለ፤ አሁን ከተራው ጋር አስተያይቼ ስለካው ቀጭን አይደለም፣ እኩል ነው። በሥዕሉ ላይ ያቀጠንኩት የኃላፊው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ስለነበረ ይመስለኛል። መርፌዎች፦ ሁለቱም በቦታቸው፣ ሙሉ ናቸው። ጉሮሮ፦ ፍሬዎቹ ሁለት ሁለት፤ ፊተኛው ከኋለኛው ይረዝማል፣ ከኋለኛው በታች ምንም የለም። ሆድ፦ ከመሃል እስከ ኋላ ቡናማ ነገር ሞልቶታል። ሥዕሉ ላይ አላስገባሁትም ነበር፤ ቆሻሻ ነው ወይም መስታወቱ አርጅቶ ነው ብዬ። እግሮች፦ በየእግሩ ጫፍ ሁለት ጥንድ ጥፍር አለ፤ ረጅሙ ከአጭሩ ጋር ከሥሩ ተጣብቋል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስብሰባው ትንሽ ተገፍቷል፤ ኃላፊውን ጉንፋን ይዟቸዋል። ደስ አለኝ ማለት ነውር ስለሆነ አላልኩም።

ጠረጴዛው ነው ያሉኝን አነበብኩ። ያ ጠረጴዛ እኔ ፊደል የቆጠርኩበት ነው፤ ዘምሞ አያውቅም።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 27

ልጄ፣

ቆሻሻ አይደለም። ምሳው ነው።

ነርሷ ምስክሬ ናት፤ ይህን ስሰማ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት፣ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። ዘገምተኛ አረንጓዴውን እየወጋ ይመጠዋል፤ ምግቡ በሕይወት ሳለ ሆዱ ውስጥ አረንጓዴ ነው፣ መስታወት ላይ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል። ቆዳውን የሚቀይር ዘገምተኛ ግን ይጾማል። ቱቦውን ተፍቷል፣ መርፌውን ተፍቷል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሆዱን ባዶ አድርጓል። የእኛው ሆዱ ሞልቷል። አፍ የሌለው እንዴት በላ? ይህን ችኩሉን ጠይቂልኝ።

ቢሆንም በአንድ ምስክር አይፈረድም። ወደ እግሮቹ ተመለሺ። ጥፍሩን አይተሻል፤ የእግሩን ውስጥ ግን አላየሽም። ቆዳውን የሚቀይር ዘገምተኛ አሮጌውን ከመጣሉ በፊት አዲሱን ጥፍር እግሩ ውስጥ ያዘጋጃል፤ እንደ ታጠፈ መለዋወጫ ልብስ ከአሮጌው ኋላ ተቀምጦ ይታያል። ከላይኛው ቁም ሣጥን ቆዳውን ሲቀይር የተያዘ ተራ ዝርያ አውጪ፤ እሱ ሞልቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እይ።

ነርሷ እሷም በሥራ ዘመኗ ብዙ ጥፍር አይቻለሁ ብላ ልትከራከረኝ ነበር። የሰው ጥፍር ሌላ ነው አልኳት።

በእኛው እግር ውስጥ መለዋወጫ ጥፍር ካገኘሽ ተሸንፈናል። ፈርሚ፤ እኔም ከአንቺ በላይ እፈርማለሁ፣ የእናትሽም ስም ይወጣል። ካላገኘሽ ግን ማንም ቢቆጣ፣ የማንም ኮንትራት ቢያልቅ፣ የለም ነውና የለም በይ።

አክስትሽ


ኅዳር 8

እቴቴ፣

የለም።

ስምንቱንም እግር፣ እያንዳንዱን ከላይም ከታችም ትኩረቱን እየቀየርኩ አየሁ። ተራው፣ ያ ቆዳውን ሲቀይር የተያዘው፣ ሆዱ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣብቋል፤ በየእግሩ ውስጥ አዲሶቹ ጥፍሮች ታጥፈው ተቀምጠዋል፣ ለማየት አፍታ አይፈጁም። የእኛው እግር ውስጥ ምንም የለም። ጠግቦ የቆመ እንስሳ ነው። የዚሁ ዝርያ ሌሎች መስታወቶችንም እንዲሁ አየሁ፤ አንድ የሚቃወም አላገኘሁም።

ሁለት ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን አብርቼ ኃላፊውን ጠራኋቸው፣ ወንበርም ሳብኩላቸው። መጡ፤ አልተቀመጡም። ስላየሁት ሁሉ ነገርኳቸው። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

“የአክስትሽን ዐይን ተውሰሽ ነው የምታይው” አሉኝ።

“ይሁን፤ እርስዎ በራስዎ ይዩት” አልኩ። “አፍ የሌለው እንዴት በላ?”

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሳቸው አልሳቁም። ከመትፋቱ በፊት በልቶ ይሆናል አሉ። እግሩስ አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና መጽሐፉ ትናንት መጽደቁን ነገሩኝ። ስብሰባው እኔ ሳልጠራ አልፏል። ፊርማዬ የለበትም ስላቸው፣ ፊርማዬ እንዳላስፈለገ ገለጹልኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ባዶውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተቀመጥኩት የጎብኚዎች መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማይክሮስኮፕ ክፍሉ አይመለከተኝም ተብያለሁ። የታችኛው ቁም ሣጥን እስኪጣል ድረስ ምድር ቤት ገብቶ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። የእኛን መስታወት ይዤ መውጣት እችል ነበር፤ የዚያን ቀን ካፖርት ለብሼ ነበር። አልወሰድኩም። ሌባ ናት ቢባል መስታወቱም የሌባ መስታወት ይሆናል ብዬ ነው። ጥሩ አደረግሁ ወይስ ፈራሁ? እስካሁን አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 19

ልጄ፣

የዚህ ደብዳቤ መስመር ቀጥ ማለቱን ታያለሽ። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ነርሷ ትጽፋለች። የራሷን ሐሳብ እንዳትጨምር አስምያታለሁ። (አልጨመርኩም። ነርሷ።)

ደጋግመሽ ስለ ጽሕፈቴ መዝመም ጠይቀሽኛል፤ እኔም ስለ ጠረጴዛ አወራሁልሽ። ዐይኔ ከመሃሉ ጠፍቷል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቶልኛል። የሰው ፊት ሳይ ጆሮው ነው የሚታየኝ። ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ፤ ደብዳቤሽን ሁሉ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ሥዕልሽን የመለስኩት ላየው ስላልቻልኩ ነው። ነርሷ ቆንጆ ነበር ትላለች፤ ድንች ማለቷ ግን እውነት ነው። ስለ ሥዕልና ስለ ጽሑፍ ካልኩሽ ግን ወደ ኋላ አልልም። ዐይኔ ቢጠፋም ያልኩት ልክ ነው፤ ምሳውን ያገኘነው በቃል ስለጻፍሽልኝ ነው። ስለዚህ ልታዝኚልኝ ብለሽ ወረቀት አታባክኚ።

መስታወቱን አለመውሰድሽ ጥሩ ነው። ፍርሃትም ከነበረ፣ የዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ይመቸኛል።

አሁን ስሚኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ችኩሉ ግን አፍሶም አልለቀመም፣ ቆልፎበት ሄደ። ይቆልፍ። እሱ የያዘው የሞቱትን ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የወረቀት ፖስታ አለ። ውስጡ ያለው ደረቅ ዱቄት የሚመስል ነገር የምንጩ ግድግዳ ሽበት ነው፤ ግድግዳው ሳይለሰን፣ እናትሽም ሳትደክም፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የወጣን ቀን የቧጠጠችው። በፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የእሷ ነው። እስካሁን ያልነገርኩሽ መስታወቶቹ ይበቃሉ ብዬ ነው፤ አንድ ጊዜ ውሃ ከነካው ደግሞ መመለሻ የለውም። ዘገምተኛ ሲደርቅ እግሩን አጥፎ፣ እንደ በርሜል ተኮማትሮ ዓመታት ይተኛል። ሁሉም ላይነሱ ይችላሉ። አንድ ከተነሳ ይበቃናል።

የዝናብ ውሃ አፍስሽበት። የተነሳውን አትግደይው፣ መስታወት ላይም አታጣብቂው። መግቢው፤ ቆዳውን እስኪቀይር ጠብቂው። ጉሮሮውን ሲተፋ እዪ፣ አዲሱ ሲበቅልም እዪ። በቅሎ ሲያልቅና ዳግም ሲበላ ፍሬዎቹን ቁጠሪ። ሦስት ከሆኑ ችኩሉ ረትቷል፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሁለት ከሆኑ ያየሽውን ጻፊና በስምሽ ላኪው። የእሱን መጽሐፍ ፈቃድ አትጠብቂ።

ከሥራ ልልቀቅ ወይ የሚል ሐሳብ እንዳለሽ ከአጻጻፍሽ ገብቶኛል። እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

አክስትሽ


የካቲት 11

ይድረስ ለእቴቴ፣ እንዲሁም ለሚያነቡላቸው ነርስ፣

ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም። እያየሁ ነበር።

አልለቀቅኩም። ከፈለጉ እሳቸው ይልቀቁኝ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት ነው የሚለውን ከመለስኩ በኋላ፣ በተራሮቻችን ላይ የሚኖር መጽሐፍ ውስጥ የሌለ እንስሳ አለ ብዬ እነግራለሁ። መጽሐፉ ባለፈው ወር ያለ እሱ ወጥቷል። ኃላፊው በአጠገቤ ሲያልፉ ሰምተውኝ፣ ይህ ነገር መጽሐፉ ላይ የለም አሉ። ለጎብኚዎቹ “ለምን እንደሌለ እሳቸውን ጠይቁ” አልኳቸው። አንዲት አስተማሪ እውነትም ጠየቀቻቸው። ስብሰባ አለብኝ ብለው ሄዱ።

ይህች አስተማሪ ባዮሎጂ ናት የምታስተምረው። ከትምህርት በኋላ የትምህርት ቤቷን ማይክሮስኮፕ እንድጠቀም ፈቀደችልኝ። አንድ መነጽሩ የተጫረ አሮጌ ነው፤ ሌላኛው ግን ይበቃል።

ፖስታውን የከፈትኩት በዳሩ ነው፣ የእማዬን ጽሕፈት ላለመቅደድ። ውሃውን አፈሰስኩ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም፤ በርሜሎቹ ተበትነው ተኝተው ነበር፣ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ እንደተኙ ናቸው። በማግስቱ አንዱ እግሩን ዘረጋ። አስተማሪዋን ጠራኋት፤ በየተራ አየነው።

እንዳዘዙኝ ጠበቅኩት። በላ፣ ሆዱ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ መብላት አቆመ። ሆዱ ነጣ፣ ቱቦውንና መርፌዎቹን ተፋ፣ በየእግሩ ውስጥ አዲስ ጥፍር ታጥፎ ታየ። ያኔ ነው እቴቴ የፈራሁት፤ ሦስተኛዋ ፍሬ ብትበቅል ለእርስዎ እንዴት አድርጌ እንደምጽፍ አሰብኩ። እጽፍልዎ ነበር። ይህንን ይወቁልኝ።

ጽሑፉን በሁለታችን ስም ልኬያለሁ፤ የእርስዎ ይቀድማል። አዘጋጁ መልሷል፤ የእግሩን ፎቶ ጨምሩ አለ እንጂ ሰርዙ አላለም።

ነርሷ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው። እንስሳው አሁን ከዐይኔ ሥር ነው፤ እያየሁ ነው የምጽፈው።

አፍ፦ አለው። ቱቦ፦ አዲስ፣ ቀጥ ያለ። መርፌዎች፦ ሁለቱም በቦታቸው፣ ይሠራሉ። ጉሮሮ፦ ፍሬዎቹ ሁለት ሁለት፤ ከኋለኛው በታች ምንም የለም። ሆድ፦ አረንጓዴ፣ ሙሉ። እግሮች፦ ስምንት፤ ጥፍሮቹ አዲስ ናቸው፣ በእግሮቹ ውስጥ ምንም አልቀረም። ስም፦ የእናቴ።

አሮጌ ቆዳውን ኋላው ጥሎ ከመስታወቱ አንድ ዳር ወደ ሌላው እየሄደ ነው። አልቸኮለም።

የእህትዎ ልጅ